ለቮልስ ቸርኬ ሲፈለግ፦ አራት ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጎንደር ነው የምኖረው። ከአባቴ የወረስኳት ቮልስ 1300 አለችኝ፤ በ1964 ዓ.ም. አዲስ ሆና ነው የተገዛችው። የኋላ ሁለቱ ቸርኬዎች ከንፈራቸው ታጥፎ ጎማው በየሦስት ቀኑ ይተነፍሳል። ጎሚስታ በእሳት አሙቆ አቃንቶልኝ ነበር፣ ሁለት ወር ሳይሞላው ተመልሶ ታጠፈ። ኢንተርኔት ላይ የ1964 ቮልስ ባለ አምስት ቀዳዳ ነው ይላል፤ የእኔዋ ግን አራት ነው ያላት። መርካቶ ያለ ሰው ባለ አምስቱን አግኝቼልሃለሁ ብሎኛል። አንድ ቶርኖ ቤት ደግሞ የቪትዝ ባለ 14 የአሉሚኒየም ቸርኬ ‹ሁለቱም አራት ቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳውን አስተካክዬ እገጥምልሃለሁ፤ ካልሆነም በመሃሉ አዳፕተር እሠራለሁ› ይለኛል። የቱን ልምረጥ?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አይውሰዱ። የመርካቶው ባለ አምስት ቀዳዳ መኪናዎ ላይ አይገባም። የቪትዙ በግድ ቢገባም መንዳት የሌለብዎት ነገር ይሆናል።

በመጀመሪያ የዓመተ ምህረቱን ስህተት እናቃና። ኢንተርኔት ላይ ያዩት 1964 የፈረንጅ ነው። አባትዎ በ1964 ዓ.ም. ከገዟት መኪናዋ የ1971 ወይም የ1972 እ.ኤ.አ. ሥሪት ናት ማለት ነው፤ በመሃሉ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ቮልስ ደግሞ በዚያ መሃል ነው ቸርኬውን የለወጠው። የቀድሞዎቹ ሰፊ ባለ አምስት ቀዳዳ ሲሆኑ ከነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት በአብዛኛው ባለ አራት ቀዳዳ ናቸው። ማረጋገጥ ከፈለጉ የኋላ ወንበሩን መቀመጫ አንስተው መሃሉ ላይ ባለው የሻንሲ ወገብ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ይናገራል፤ በ112 የሚጀምር የ1972፣ በ111 የሚጀምር የ1971 ሞዴል ነው። ቸርኬ ሲያዝዙ የሚናገሩት ይህን የፈረንጅ ዓመት ነው፤ ሊብሬው ላይም የትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይመልከቱ።

አሁን ወደ ቀዳዳው። የቀዳዳ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት ነው ዋናው። የእርስዎ ቮልስ 4 በ130 ነው፣ ማለትም አራቱ ቀዳዳዎች 130 ሚሊ ስፋት ባለው ክብ ላይ ተቀምጠዋል። ቪትዝ 4 በ100 ነው። የድሮው የቮልስዋገን ጎልፍም 4 በ100 ነው፤ ላዳ 4 በ98፤ የድሮ ኮሮላ (ኬኢ 20፣ 30፣ 70) 4 በ114.3፤ ፔዦ 504 4 በ140። ሁሉም አራት ቀዳዳ ናቸው፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። በተለይ የላዳና የቪትዝ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ 2 ሚሊ ብቻ ስለሚለያይ ብሎኑ ጥርሱን እያጋደለ ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል፣ ግን ቸርኬው መሃሉን ስቶ ነው የሚቀመጠው።

ለመለካት ሜትር ይበቃል። ባለ አራት ቀዳዳ ላይ ፊት ለፊት ከሚተያዩት ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ይለኩ፤ 130 መምጣት አለበት። የቀዳዳውን መሃል በዓይን መገመት ከከበደዎ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ተቃራኒው ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ቢለኩ ያው ነው። ባለ አምስት ቀዳዳ ላይ ፊት ለፊት የሚተያይ ቀዳዳ ስለሌለ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን ለክተው በ1.701 ያባዙ። የድሮው ባለ አምስት ቀዳዳ ቮልስ ጎን ለጎን 120.5 ሚሊ ይሰጣል፣ ሲባዛ 205። ሻጮች ጎን ለጎኑን ብቻ ለክተው «120 ነው» ሲሉ ይሰማል፤ ያ ቁጥር ከክቡ ስፋት ጋር አይገናኝም።

ቶርኖ ቤቱ «ቀዳዳውን አስተካክላለሁ» ያለው ምን ማለት እንደሆነ በወረቀት ላይ ይሳሉት። ከቸርኬው መሃል እስከ ቪትዙ ቀዳዳ 50 ሚሊ ነው፤ እስከ ቮልሱ 65። ልዩነቱ 15 ሚሊ ስለሆነ የነበረውን ቀዳዳ ማስፋት አይደለም፣ አዲስ አራት ቀዳዳ በአሮጌዎቹ መሃል መሰርሰር ነው። የብሎኑ ራስ የሚያርፍበት ስፍራ ደግሞ ከቀዳዳው መሃል ወደ ውጭ 13 ሚሊ ያህል ይፈልጋል። 65 እና 13 ሲደመር 78፤ እጥፉ 156። የቸርኬው ጀርባ ላይ ታምቡሩን (ቸርኬው የሚታሰርበትን የፍሬን ከበሮ) የሚነካው ጠፍጣፋ መቀመጫ ቢያንስ 156 ሚሊ ስፋት ከሌለው ብሎኑ የሚያርፈው መደገፊያ በሌለበት ጠርዝ ላይ ነው። ሜትር ይዘው ሄደው ጀርባውን ይለኩ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አያስፈልግም። ቢበቃ እንኳ ስምንት ቀዳዳ የተበሳ የአሉሚኒየም መሃል ይቀርዎታል። አሮጌዎቹን በብየዳ ልድፈን ካለ ደግሞ የባሰ ነው፦ ተቀርጾ የወጣ አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ የሙቀት አሠራር ነው፣ የብየዳ እሳት ያንን ያጠፋዋል። የሚሰነጠቀውም ቆሞ ሳለ አይደለም፤ ጭነት ይዞ ኩርባ ላይ ነው።

አዳፕተሩ ከዚህ ይሻላል፣ ግን ለእርስዎ አልመክረውም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ወፍራም ክብ ብረት በ130ው ቀዳዳ ታምቡሩ ላይ ይታሰራል፣ በራሱ ላይ ደግሞ በ100 የተተከሉ ስቱዶች (ጥርስ ያላቸው ቋሚ ዘንጎች) ይኖሩታል፣ ቸርኬው በእነዚያ ላይ በዳዶ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ ብሎኖች ራስ ብረቱ ውስጥ መስጠም ስላለበት ውፍረቱ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚፈራው ጎማው ወደ ውጭ መውጣቱን ነው፤ እዚህ ላይ ለቶርኖ ቤቱ ልመስክርለት፣ የቪትዝ ቸርኬ ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ ከውፍረቱ ከፊሉን ይውጠዋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። የታችኞቹ አራት ብሎኖች ቸርኬው ካልወለቀ አይታዩም፣ ቢላሉ አያውቁም። ብረቱ ከየትኛው አሮጌ ክፍል እንደተቆረጠ ካልታወቀ ጥንካሬው አይታወቅም። የቶርኖ ሥራው መሃሉን በግማሽ ሚሊ ቢስት ጎማው እንደ እንቁላል ይዞራል፤ በባላንስ የሚጠፋ ንዝረት አይደለም። በፊተኛው እግር ላይ ደግሞ ከታምቡሩ መሃል ወደ ውጭ የሚወጣ የኩሽኔታ ቤት አለ፤ የቪትዝ ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ያንን ማሳለፍ አለማሳለፉን መለካት የግድ ነው። ለዚሁ ሥራ ፋብሪካ የሠራው፣ የብረቱ ዓይነትና የሚሸከመው ጭነት የተመታበት አዳፕተር ካልሆነ በእጅ የተሠራውን አያስገቡ።

የ14ቱ ነገር ደግሞ በመልክ ብቻ የሚቀር አይደለም። ቮልስ ከፋብሪካ የወጣው በ15 ኢንች ቸርኬ ነው፤ የድሮው ጎማ 5.60-15፣ አሁን የሚተካው 165/80 አር 15 ወይም 155/80 አር 15። የ165ቱ ጎማ ቁመት 645 ሚሊ ገደማ ነው። ቪትዝ ቸርኬ ላይ የሚለመደው 175/65 አር 14 ደግሞ 583። የ62 ሚሊ ልዩነት ማለት መኪናው ከመሬት 31 ሚሊ ዝቅ ይላል፤ ኮብልስቶኑ ከፍና ዝቅ ያለበት መንደር ውስጥ 3 ሴንቲ ትንሽ አይደለም። ከኋላ ብቻ ከገቡ ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት አሥር በመቶ ያህል አብልጦ ይዞራል። 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትንፋሽ ላጠረው ሞተር ዳገቱን ያቀልለታል፣ እውነት ነው፤ በባሕር ዳር መንገድ ሜዳው ላይ ግን ጆሮ ያደነቁራል፣ ሞተሩንም ያሞቃል። የፍጥነት መለኪያው በዚህ አይነካም፤ ምክንያቱም ቮልስ ፍጥነቱን የሚያነበው ከፊት ግራ ጎማ ነው። የፊት ግራውን ኮፓ ሲያወልቁ በቅባት ክዳኑ መሃል ባለ አራት ማዕዘን ጫፍ ያላት ቀጭን ገመድ ብቅ ብላ በትንሽ መቆለፊያ ተይዛ ያያሉ፤ እሷ ናት። አራቱንም በ14 ከቀየሩ መለኪያው 80 ሲል እርስዎ የሚሄዱት 72 ነው። ፊት ለፊት የሚያስገቡት ማንኛውም ቸርኬ ወይም ኮፓ ይህችን ጫፍ እንዳይጫን ይጠንቀቁ፤ ከተጫነ ገመዱ ይቆረጣል።

ትክክለኛው 4 በ130 ቸርኬ ቢገኝም ጥልቀቱ መመሳሰል አለበት። አሮጌውን ቸርኬ ያለ ጎማ ፊቱን ወደ መሬት አድርገው ያስተኙት፤ በጀርባው ከንፈር ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ አጋድመው ከዘንጉ እስከ መሃሉ ጠፍጣፋ መቀመጫ ድረስ ይለኩ። ያ ቁጥር መነሻዎ ነው። ስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ቸርኬ ከዚህ በ5 ሚሊ ቢለይ ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ ወደ ውጭ ከወጣ ኩሽኔታውን ያለ ዕድሜው ይበላል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ወደ ውስጥ ከገባ ከፍሬንና ከመሪ ዘንግ ጋር ይነካካል። ቸርኬው ሰፊ ከሆነ ሒሳቡ ይለያል፦ ከ4½ ወደ 5½ ኢንች ሲሄዱ 25 ሚሊ ይጨምራል፣ ጥልቀቱ በትክክል ከተመረጠ ግማሹ ወደ ውስጥ ግማሹ ወደ ውጭ ይከፈላል። ለቮልስ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ ለሚሸፍነው ቆርቆሮ) 5½ የመጨረሻው ነው ብለው ይያዙ።

የኋላውን ክፍተት ክሪክ ላይ ሆኖ መፈተሽ የተለመደ ስህተት ነው። የ1300 ቮልስ የኋላ አክስል እንደ ክንፍ የሚወዛወዝ ነው፤ ሲነሳ ጎማው ተንጠልጥሎ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፣ ሁሉም ነገር ሰፊ ይመስላል። መሬት ላይ አውርደው ሁለት ሰው ኋላ አስቀምጠው፣ አንድ ከረጢት ሲሚንቶም ቢጨምሩ ጥሩ ነው፣ ከዚያ በጎማው ትከሻና በፓራፋንጎው መሃል ጣትዎን ያስገቡ። ጣት የማያስገባ ከሆነ ጉድጓድ ላይ ይፋጫል። የፊቱን ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን አዙረው ይዩ።

ሰው ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ብሎኑን ነው። ቮልስ ስቱድና ዳዶ የለውም፤ ብሎኑ በቸርኬው አልፎ ታምቡሩ ውስጥ ይገባል። የፋብሪካው የብረት ቸርኬ ብሎን አንገቱ እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የቸርኬው ቀዳዳም እንደዚያው ሰርጉድ ነው። ለቮልስ ተብለው የሚሸጡ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ደግሞ አብዛኞቹ ቀጥ ብሎ የሚሾጥጥ፣ 60 ዲግሪ አንገት ያለው ብሎን ይፈልጋሉ። ክቡን በሾጣጣው ውስጥ ካጠበቁት የሚነካካው በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ጠብቆ ይሰማል፤ መስመሩ ሲጨፈለቅ ብሎኑ ይላላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ የብሎኑን አንገት በጥቁር ማርከር ወይም በጥላሸት ይቀቡ፣ በእጅና በቁልፍ ትንሽ አጥብቀው ይፍቱት። ሰፊ ቀለበት ከተፋቀ ይስማማል፤ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ብቻ ከተፋቀ ብሎኑ የዚያ ቸርኬ አይደለም። ሮንዴላ ጨምሮ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም።

የብሎኑ ውፍረት በባለ አራት ቀዳዳው 14 ሚሊ፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው። የቪትዝ ስቱድ 12 በ1.5 ስለሆነ ጥርሱ ተመሳሳይ ነው ተብሎ መታሰቡ አይቀርም፤ ውፍረቱ ግን አይገናኝም። ርዝመቱን በዙር ይቁጠሩ፦ አሮጌው ብሎን በአሮጌው ቸርኬ ላይ ስንት ዙር ገብቶ እንደሚጠብቅ በእጅ ቆጥረው ይጻፉ፣ አዲሱ ከዚያ ያነሰ መግባት የለበትም። የአሉሚኒየም ቸርኬ መሃሉ ወፍራም ስለሆነ የብረቱ ብሎን ያጥርበታል። በተቃራኒው የረዘመ ብሎን ታምቡሩን አልፎ ፍሬን ሸራው ላይ ይደርሳል። ሁሉንም አጥብቀው ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ፤ የሚፋጭ ነገር ከተሰማ መኪናውን አያንቀሳቅሱ።

ከእሳት የተመለሰው ቸርኬዎ ለምን ዳግም ታጠፈ? የብረት ቸርኬ ከንፈር ቀይ እስኪሆን ከተሞቀ በኋላ ይለሰልሳል፤ መዶሻ ይቀበላል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ድንጋይም እንደዚያው ይቀበላል። የከንፈር ትንሽ እጥፋት በብርዱ፣ በእንጨት ተደግፎ ሊቃና ይችላል። የተሞቀው ግን ከእንግዲህ ለመለዋወጫ እንኳ አይሁን። የቀሩትን ሁለቱንም ሳይፈትሹ አይለፏቸው፦ ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ በአየር ማስገቢያ ስንጥቆቹ ጫፍና መሃሉ ከክቡ ጋር በተበየደበት መስመር ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ። ዝገት እንደ ቀጭን ቡናማ መስመር ሲፈስ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ስንጥቅ ነው። የተሰነጠቀ ቸርኬ አይበየድም። መወዛወዙን ለማየት መኪናውን በድጋፍ ላይ አቁመው ሽቦ ከከንፈሩ አጠገብ ያስጠጉና ያሽከርክሩ፤ ወደ ጎንም ወደ ላይም ከ1.5 ሚሊ በላይ ከተወዛወዘ ይወገድ።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ሦስት ያገለገሉ ወይም አዲስ የተመረቱ የብረት ቸርኬዎች ይግዙ፣ ሁለቱ ለኋላ አንዱ ለመለዋወጫ፤ 4½ጄ በ15 (ማለትም 4½ ኢንች ስፋት፣ ባለ 15 ኢንች)፣ 4 በ130። ቁጥሩ ቸርኬው ላይ ተመትቶ ይገኛል። 4ጄ በ15 ቢገኝም ይሆናል፣ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። የቮልስ 1600 ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬም ይገባል። የኮምቢ ግን አይሆንም፤ የኋለኛው ኮምቢ 5 በ112 ነው። አሉሚኒየም የግድ ከፈለጉ በ4 በ130 ተብሎ የተሠራ፣ 5½ጄ በ15 የማያልፍ፣ ከነራሱ ብሎን ይሁን፤ አራቱንም አንድ ላይ። ጎንደር ውስጥ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲያፈላልጉ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ የተሳሳተ ቸርኬ መመለስ ከባድ ነውና ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ሦስት ፎቶ ይጠይቁ፦ ሜትር በተቃራኒ ቀዳዳዎች ላይ ተዘርግቶ፣ ጀርባው ዘንግ ተጋድሞበት ከነልኩ፣ የተመታው ቁጥር በቅርብ። ፎቶ አልልክም የሚል ሻጭ ጋር አይነጋገሩ።

ባለ አምስት ቀዳዳ ቮልስ ያላችሁ አንባቢዎች ወደ አራት መሄድ ከፈለጋችሁ መንገዱ አዳፕተር ሳይሆን ታምቡሩን ከነሸራውና ከነጀርባ ሳህኑ በሙሉ መቀየር ነው። የሸራው ስፋት በየዘመኑ ስለሚለያይ ታምቡሩ ብቻ አይበቃም። የኋላው ትልቁ ዳዶ በ36 ቁልፍ ይፈታል፣ ሲጠብቅ 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ የመቆለፊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ያጥብቁ እንጂ በፍጹም አያላሉ።

የሚገዙት ጎማ 165/80 አር 15 ይሁን። ብዙዎቹ የድሮ ቸርኬዎች በከንፈራቸው ውስጥ ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው ጉብታ የላቸውም። በጣት ዳስሰው ጉብታ ካጡ ጎሚስታው ያለ ውስጥ ጎማ እንዲሞላ አይፍቀዱ፤ ኩርባ ላይ ጎማው ከከንፈሩ ሸርተት ካለ አየሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ቸርኬውን ቀለም ሲያስቀቡ የብሎን መቀመጫውንና የጀርባውን ጠፍጣፋ በፕላስተር ያስሸፍኑ፤ እዚያ ላይ የተጋገረ ቀለም ሲደርቅና ሲፈረከስ ብሎኑ ይላላል።

ሲገጥሙ ጎማው ከመሬት ተነስቶ እያለ አራቱንም ብሎን በእጅ ያስገቡ፣ ከዚያ በተቃራኒ በተቃራኒው፣ በሦስት ዙር ያጥብቁ፤ ቮልስ ላይ ቸርኬውን መሃል የሚያስይዘው ብሎኑ ራሱ ነው። የመጨረሻው 130 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። የሚለካ ቁልፍ ከሌለ ቧንቧ ቀጥሎ መርገጥ መፍትሔ አይደለም፤ የታምቡሩ ጥርስ ያልቃል፣ ያ ደግሞ ከቸርኬው በላይ ያስወጣዎታል። አዘዞ ደርሰው ሲመለሱ ጎማው ቀዝቅዞ ደግመው ያጥብቁ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም አንድ ጊዜ።

አየሩንም ጎሚስታው አራቱንም እኩል 35 እንዳይሞላው ቆመው ይዩ። የቮልስ ክብደት ኋላ ነው፤ ለዚህ ጎማ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ ነው። ፊቱ እኩል ከተሞላ መሪው ይንሳፈፋል፣ በኮብልስቶን ላይም መኪናው ይዘላል። መለዋወጫው ግን 42 ይሞላል፤ የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚገፋው በእሱ አየር ስለሆነ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። ሊማሊሞን ከመውረድዎ በፊት እሱንም ይለኩ።